አልማዝ ባለጭራ ቁስሉ ድኖ ሕመሙ የሚቀረው ለምንድን ነው? ዲክሎፌናክስ ለምን አያስታግሰውም?

የመስኮቱ_ፋርማሲስት፦

ሰላም ለዚህ ቤት። አንድ ተደጋጋሚ ጉዳይ ላንሣ። አልማዝ ባለጭራ ከወጣበት ሦስት አራት ወር የሆነው ሰው መድኃኒት ቤት ይመጣል። ውሃ የቋጠረው ደርቆ ጠባሳ ብቻ ቀርቷል፤ ሕመሙ ግን እዚያው ነው። ካናቴራ ሲነካካው ይለበልበዋል፣ መዳፉን አጥብቆ ሲጫንበት ደግሞ ይሻለዋል። ዲክሎፌናክ ወስዷል፣ አይቡፕሮፌን ጨምሯል፣ "ለነርቭ ነው" ተብሎ ቢ ኮምፕሌክስ ተወግቷል። በመጨረሻ አሚትሪፕቲሊን ሲታዘዝለት ወረቀቱን እያገላበጠ "ይሄ የድብርት አይደል እንዴ?" ይላል።

እንዲህ ላለው ሰው በሦስት ደቂቃ ውስጥ እውነቱን ሳናዛባ ምን እንበለው? የሚያውቅ ከቆዳ እስከ አንጎል ያለውን መንገድ ጭምር ይጻፍልን። "ነርቭህ ተጎድቷል" ብሎ መሸኘት አያጠግብም።

ሰመመን_ክፍል፦

መጀመሪያ ደህናውን መስመር እንየው፤ የተበላሸው የሚገባን ያኔ ነው።

የእግር አውራ ጣት ከአልጋ እግር ጋር ሲጋጭ ሕመሙ ሁለት ጊዜ ነው የሚመጣው። የመጀመሪያው እንደ መርፌ ስል ነው፤ ቦታው በትክክል ይታወቃል፣ እግርን ያሰበስባል። "አለፈ" ሲሉ ሁለተኛው ይደርሳል፦ ድብልቅልቅ ያለ፣ የሚለበልብ፣ ጥርስ የሚያስነክስ። ሁለቱ የሚመጡት በተለያየ ሽቦ ነው። ስሉን የሚያመጣው ኤ-ዴልታ የሚባለው፣ ማይሊን የሚባል ስስ ቅባታማ ልባስ ያለው ክር ሲሆን በሴኮንድ ከ5 እስከ 30 ሜትር ይሮጣል። የሚለበልበውን የሚያመጣው ማይሊን የሌለው ሲ ክር ነው፤ በሴኮንድ ከግማሽ እስከ 2 ሜትር ያዘግማል። ከጣት እስከ ኅብለ ሰረሰር አንድ ሜትር ያህል ብንል፣ በ20 ሜትር ፍጥነት የሚሮጠው በ0.05 ሴኮንድ ይደርሳል፣ በ1 ሜትር የሚያዘግመው ሙሉ ሴኮንድ ይፈጅበታል። በመሐል ያለችው ፋታ ይህች ናት።

በነዚህ ክሮች ጫፍ ላይ በሮች አሉ። ከሁሉ የታወቀው ቲአርፒቪ1 ነው፤ ሙቀት 43 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ ይከፈታል። የሚጥሚጣው ካፕሳይሲንም የሚከፍተው ይህንኑ በር ነው፤ "አፌን አቃጠለኝ" የምንለው ለነርቩ ቃል በቃል እውነት ነው። በሩን እ.ኤ.አ. በ1997 ለይቶ ያወጣው የዴቪድ ጁሊየስ ቤተ ሙከራ ነው፤ በ2021 የኖቤል ሽልማት የግፊትና የንክኪን በር ካገኘው ከአርደም ፓታፑቲያን ጋር ተጋርቷል።

አሁን ወደ ዲክሎፌናክ። ቁስል ሲኖር የተጎዱት ሕዋሳት ፕሮስታግላንዲን ያመነጫሉ። ፕሮስታግላንዲን ራሱ ብዙም አያሳምምም፤ የሚያደርገው የበሮቹን መክፈቻ ልክ ዝቅ ማድረግ ነው። ፀሐይ ያቃጠለው ትከሻ ለብ ያለ ውሃ ሲፈስበት የሚያመው ለዚህ ነው። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ፕሮስታግላንዲን የሚሠራውን ኢንዛይም ያግዳሉ፤ ሥራቸው በዋናነት ይኸው ነው። ከሦስት ወር በኋላ ቆዳው ላይ ብግነት የለም፣ ስለዚህ የሚያግዱት ነገር የለም። የሚቀረው ጉዳት ጨጓራና ኩላሊት ላይ ነው።

ኦርቶ_ተረኛ፦

"የለም" ማለቱ ትንሽ በዛ። ሽፍታው ገና ሲወጣ ዲክሎፌናክ ሲያግዝ እናያለን።

ሰመመን_ክፍል፦

@ኦርቶ_ተረኛ ልክ ነዎት፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቆዳውም ነርቩም ስለሚቆጣ ያግዛል፣ ፓራሲታሞል 1 ግራም በየ6 ሰዓቱም እንዲሁ (በቀን ከ4 ግራም ሳያልፍ)። የኔ ክርክር ከ90 ቀን በኋላ ስላለው ነው። ሁለቱ በአንድ ስም ስለሚጠሩ አንድ ሕመም ይመስላሉ እንጂ መነሻቸው የተለያየ ነው።

ነርቭ_ክሊኒክ፦

ከሰመመን ክፍል ልቀጥል። አልማዝ ባለጭራን የሚያመጣው ቫይረስ በልጅነት ጉድፍ ሆኖ ያለፈው ራሱ ነው። ከኅብለ ሰረሰር ጎን ባለው የስሜት ነርቮች ቋጠሮ ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ተደብቆ ይተኛል። ዕድሜ ሲገፋ ወይም የመከላከል አቅም ሲዳከም ይነሣና በዚያው ነርቭ ላይ ወደ ቆዳ ይወርዳል። እንደ መቀነት ግማሽ ወገብ ይዞ የአካሉን መካከለኛ መስመር የማያልፈው አንድ ቋጠሮ የሚያገለግለው አንድ ጎን ብቻ ስለሆነ ነው።

ሲወርድ ሦስት ነገር ያበላሻል። አንደኛ፣ ክሮቹ ከፊሉ ይሞታሉ፤ የጠባሳው መሐል የሚደነዝዘው ለዚህ ነው። ሁለተኛ፣ የተረፉት ጫፎች ላይ የሶዲየም በሮች ይከማቻሉ፤ ክሩ ማንም ሳይነካው በራሱ ይተኩሳል። በእንቅልፍ መሐል ድንገት የሚነዝረው ይህ ነው። ሦስተኛውና ዋናው ኅብለ ሰረሰር ውስጥ ነው፤ እዚህ ላይ ቆም እንበል።

ኅብለ ሰረሰርን አግድም ብትቆርጡት መሐሉ ላይ ቢራቢሮ የመሰለ ግራጫ ነገር ታያላችሁ። በኋለኛው ክንፍ ጫፍ ላይ የሕመም ክሮች ያርፋሉ፤ የንክኪ ክሮች (ኤ-ቤታ፣ በሴኮንድ ከ30 ሜትር በላይ የሚሮጡት) ትንሽ ጠለቅ ብለው። በመካከላቸው ትንንሽ የሚያግዱ ሕዋሳት አሉ፤ ጋባና ግላይሲን የሚባሉ ኬሚካሎች እየረጩ ወደ ላይ የሚያልፈውን ይቀንሳሉ። ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል እ.ኤ.አ. በ1965 "በር" ያሉት ይህን ቦታ ነው፦ ንክኪ ሲበዛ በሩ ይጠብባል፣ የሕመም ክር ሲበረታ ይሰፋል። የሥዕላቸው ዝርዝር ኋላ ተስተካክሏል፣ ዋናው ሐሳብ ግን ቆሟል። የተጋጨ ክርን ማሸት የሚያስታግሰውም በዚሁ መንገድ ነው።

አልማዝ ባለጭራ ያለፈበት ነርቭ ላይ በሩ ፍሬን ያጣል። ሲ ክሮቹ ያለማቋረጥ ሲተኩሱ ተቀባዩ ሕዋስ ላይ ኤንኤምዲኤ የሚባለውን መቀበያ የዘጋው ማግኒዥየም ይነሣል፣ ካልሲየም ይገባል፣ ሕዋሱ በትንሽ ምልክት ብዙ መጮህ ይለምዳል። ማይክሮግሊያ የሚባሉት ሕዋሳት በሚያወጡት ኬሚካል ደግሞ የክሎራይድ ሚዛን ይዛባል፤ ያኔ ጋባ ማገዱን ያቆማል፣ አንዳንዴም ጭራሽ ያነቃቃል። በዚህ ጊዜ የንክኪው ክር በሕመሙ መንገድ ያልፋል። ካናቴራው በትክክል "ተነካሁ" የሚል መልእክት ነው የላከው፤ የተሳሳተው ኅብለ ሰረሰር ነው። አሎዲኒያ የምንለው ይኼ ነው።

መዳፍ ሲጫን የሚሻለውም ከዚህ አይወጣም። ሕመሙን የሚቀሰቅሰው ቀላልና ተንቀሳቃሽ ንክኪ ነው፤ ጫን ያለና የማይነቃነቅ ነገር ቆዳውን ከልብሱ መፋተግ ያሳርፈዋል። ስለዚህ ሰፊ ሸሚዝ "አየር እንዲያገኝ" ተብሎ የሚመከረው ቁስሉ ከደረቀ በኋላ ስሕተት ነው። ጠበቅ ያለ፣ ስፌቱ ወደ ውጭ የተገለበጠ ለስላሳ የጥጥ ካናቴራ ይልበስ።

ጤና_መኮንን_ወረዳ፦

ማሽን በሌለበት ይህን እንዴት እንደሚለዩት ልጨምር። የአማርኛ ተናጋሪ በሽተኛ ግማሹን ምርመራ በግሱ ይሠራልሃል። "ይቆረጥመኛል"፣ "ይጠዘጥዘኛል" ሲል ብዙውን ጊዜ መገጣጠሚያ፣ አጥንት ወይም መግል የቋጠረ ነገር ነው። "ይለበልበኛል"፣ "ይነዝረኛል"፣ "እንደ ጉንዳን ይወረኛል" ሲል ነርቩን ጠርጥር። "ደንዝዞ ያመኛል" ካለ ደግሞ አትሳቅበት፤ የሚጣረስ ቢመስልም ከዚህ የተሻለ ገለጻ የለም፦ የሞቱት ክሮች ያደነዝዛሉ፣ የተረፉት ያሳምማሉ። "ያመኛል" ብቻ ብሎ ዝም ካለ ግን አትለፈው። በቋንቋችን ሕመም በሽታም ነውና "ምን ያደርግሃል?" ብለህ ግሱን አውጣው።

ዲኤን4 የሚባለው መጠይቅ ይህንኑ በ10 ነጥብ ያስቀምጠዋል። ሰባቱ ይጠየቃሉ፦ ማቃጠል፣ የሚያም ቅዝቃዜ፣ እንደ ኤሌክትሪክ መንዘር፣ መውረር፣ እንደ መርፌ መጠቅጠቅ፣ መደንዘዝ፣ ማሳከክ። ሦስቱ በእጅ ይመረመራሉ፦ ንክኪ መቀነሱ፣ የስለት ስሜት መቀነሱ፣ ሲጠረግ ማመሙ። 4 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የነርቭ ሕመም ነው ብሎ መነሣት ይቻላል።

የእጁ ምርመራ ጥጥና የጥርስ ስንጥር ይበቃዋል። ዓይኑን ይጨፍን። ሁልጊዜ ከደህናው ጎን፣ ከዚያው ከፍታ ጀምር፤ ከሚያመው ከጀመርክ ሰውየው ይሰበሰብና ቀሪው ሁሉ ያመዋል። ጥጡን በጣትህ ጠምዝዘህ ጫፉን እንደ ላባ አርገው፣ ቆዳውን ሳትጫን ጎትት። "ያምሃል?" አትበል፤ "ከዚያኛው ጎን በምን ይለያል?" በል። ቀጥሎ ስንጥሩን ቆዳውን ሳትበሳ ነካ ነካ አድርግ፤ ከጠባሳው መሐል ወደ ውጭ ስትሄድ የደነዘዘው የሚያበቃበትንና የሚያቃጥለው የሚጀምርበትን በእስክሪብቶ አስምር። ብዙ ጊዜ የሚታየው መሐሉ የሞተ፣ ዙሪያው እንደ ረመጥ የሆነ ቀለበት ነው። መሐሉን ብቻ ነክቶ "ስሜት የለውም፣ ሕመምም የለውም" ብሎ የሚጽፍ መርማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

አንድ ተጨማሪ፦ በስንጥሩ አንድ ጊዜ ነክተህ ከ10 ስንት እንደሆነ ጠይቅ፤ ከዚያ በሴኮንድ አንዴ 10 ጊዜ እዚያው ነክተህ የመጨረሻውን ጠይቅ። 3 የነበረው 7 ከሆነ ነርቭ_ክሊኒክ የጻፉት የኅብለ ሰረሰር መጯጯህ በእጅህ ላይ ነው። ስንጥሩን ጣለው፣ ለሌላ ሰው አትጠቀምበት።

ተማሪ_ሦስተኛ_ዓመት፦

ይቅርታ፣ ሕመሙ ቆዳው ላይ ካልሆነና አንጎል የሚያነበው ነገር ከሆነ፣ በሽተኛው "በሐሳብህ ነው" የሚባለው ትክክል ነው ማለት ነው?

ነርቭ_ክሊኒክ፦

አይደለም፤ ግን ጥያቄህ ጥሩ ነው። መልእክቱ ከኅብለ ሰረሰር ተሻግሮ በተቃራኒው ጎን ታላመስ ወደሚባለው የአንጎል መሐል ክፍል ይወጣል፤ ከዚያ አንድ "የሕመም ማዕከል" አያገኝም፣ ይበተናል። የስሜት ኮርቴክስ የቱ ጋ እና ምን ያህል እንደሆነ ይለካል፤ ኢንሱላና አንቲሪየር ሲንጉሌት የሚባሉት የአንጎል ክፍሎች ደግሞ ምን ያህል እንደሚያስጨንቅ። ሁለቱ ይለያያሉ፦ ሞርፊን የወሰደ ሰው አንዳንዴ "ሕመሙ አለ፣ ግን አያስጨንቀኝም" ይላል።

ከላይ ደግሞ የሚወርድ መስመር አለ። በአንጎል ግንድ ውስጥ ፔሪአኩዊዳክታል ግሬይ የሚባለው ቦታ ታች ላለው ሜዱላ ያዛል፣ ሜዱላው በሴሮቶኒን፣ ሌላ ጎረቤት ቋጠሮ ደግሞ በኖርአድሬናሊን አድርገው የኅብለ ሰረሰሩን በር ያጠብባሉ። እ.ኤ.አ. በ1969 ይህ ቦታ በኤሌክትሪክ የተነቃቃ አይጥ ሌላ ማደንዘዣ ሳይሰጠው ሆዱ ተቀድዷል። በ1978 ደግሞ ጥርስ የተነቀሉ ሰዎች የውሸት መድኃኒት ሲሰጣቸው ያገኙትን ማስታገስ ናሎክሶን እንደሚቀንሰው ታየ። ናሎክሶን የሞርፊን ማርከሻ ነው፤ ስለዚህ "እምነት" የተባለው ነገር በአካል ውስጥ በሚመረት ኬሚካል የሚሠራ ነበር ማለት ነው።

መስመሩ በሁለቱም አቅጣጫ ይሠራል። ከዚያው ሜዱላ በሩን የሚያሰፉ ሕዋሳትም ይወርዳሉ፤ እንቅልፍ ማጣትና ፍርሃት ያጠነክሯቸዋል። ስለዚህ ለበሽተኛው "በሐሳብህ ነው" አትበል። "ሽቦው ተጎድቷል፤ አንጎልህ ግን የሚያጠብበው ቁልፍ አለው፣ መድኃኒቱም የሚያግዘው ያንን ነው" በለው።

የመስኮቱ_ፋርማሲስት፦

የፈለግኩት ይህን ነበር። ታዲያ አሚትሪፕቲሊን የሚገባው እዚህ ጋ ነዋ?

ክሊኒካል_ፋርማሲ፦

አዎ። የወረደውን ኖርአድሬናሊንና ሴሮቶኒን ተመልሶ እንዳይመጠጥ ያደርጋል፤ በተጨማሪ የሶዲየም በሮችን ይዘጋል። "የድብርት አይደል?" ለሚለው መልሱ መጠኑ ነው፦ ለድብርት ከ75 እስከ 150 ሚሊግራም ይሰጣል፣ ለዚህ ሕመም ከ10 እስከ 75። ድብርት የሌለበትንም ሰው ያስታግሳል።

አጀማመሩ፦ 10 ሚሊግራም፣ ወይም 25ቷን ለሁለት ከፍሎ፣ ማታ 1 ወይም 2 ሰዓት ላይ። ሊተኛ ሲል ከወሰደው ጠዋት ፈዝዞ ይነሣል። በየሳምንቱ 10 ወይም 12.5 ይጨመራል፤ ብዙዎች ከ25 እስከ 50 ላይ ይቆማሉ። ብዙ ሰው የሚያቋርጠው በ5ኛው ቀን ነው፦ አፍ ደርቋል፣ ሆድ ደርቋል፣ ሕመሙ አልቀነሰም። ከመጀመሪያው ቀን "ለውጡን በ2ኛው እና በ4ኛው ሳምንት መካከል ጠብቅ፤ ሕመሙ በግማሽ ከቀነሰ ተሳክቷል" ብላችሁ ካልነገራችሁት ይጥለዋል። ጨርሶ ይጠፋል ብላችሁ አትማሉለት።

የማይሰጣቸው ወይም ሐኪም ሳያይ የማይጀምሩት፦ በቅርቡ ድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) የመታው፣ የልብ ምት መስመር የተዘጋበት፣ ጠባብ ማዕዘን ግላኮማ ያለበት፣ በፕሮስቴት ሽንት የሚቸገር። አዛውንት ሌሊት ሲነሡ ይወድቃሉ። ትራማዶል ከሚባለው ጠንካራ ማስታገሻ ጋር መደረቡ ለሚጥል መንቀጥቀጥና ለሴሮቶኒን መብዛት ያጋልጣል፤ ሁለቱ በአንድ ወረቀት ላይ ሲታዘዙ ደውላችሁ ጠይቁ። ሕፃናት የማይደርሱበት ይቀመጥ፣ ጥቂት ፍሬ ሕፃን ይገድላል።

ካልተስማማው ጋባፔንቲን፦ በመጀመሪያው ቀን ማታ 300፣ በሁለተኛው ቀን 300 ሁለት ጊዜ፣ በሦስተኛው 300 ሦስት ጊዜ፤ ከዚያ እንደ አስፈላጊነቱ በቀን እስከ 1800። ስሙ ጋባን ቢመስልም የሚይዘው የካልሲየም በር ላይ ያለችውን አልፋ-2-ዴልታ ክፍል ነው። ኩላሊቱ ለደከመ ይቀነሳል። በአንዴ አይቆምም፣ ቢያንስ በአንድ ሳምንት እየቀነሰ።

ቢ ኮምፕሌክስን በተመለከተ፦ ጉድለት ከሌለ ለዚህ ሕመም አይረባም። አይሶናያዚድ ለሚወስድ የቲቢ ታማሚ ቢ6፣ የስኳር መድኃኒት የሆነውን ሜትፎርሚን ለዓመታት ለወሰደ ቢ12 ሲጎድል፣ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። ቢ6 በብዛትና ለረጅም ጊዜ ከተወሰደ ራሱ ነርቭ ይጎዳል።

ቅመም_ወዳድ፦

ካፕሳይሲን በሩን ከከፈተ ሚጥሚጣ በቅባት ለውሶ መቀባትስ?

ሰመመን_ክፍል፦

አይሞከር። መድኃኒቱ ግን አለ። 8 በመቶ ካፕሳይሲን ያለው ልጥፍ በጤና ባለሙያ እጅ ለ60 ደቂቃ ይለጠፋል፤ በሩን ለረጅም ጊዜ ክፍት አድርጎ የክሩ ጫፍ እንዲኮማተር ያደርጋል፣ እፎይታው እስከ 3 ወር ሊዘልቅ ይችላል። 0.075 በመቶ የሆነው ቅባት በቀን 3 ወይም 4 ጊዜ ለሳምንታት ይቀባል፤ አንድ ጊዜ ብቻ ቀብቶ "አቃጠለኝ" ብሎ መተው ማቃጠሉን ብቻ መቀበል ነው። የቤት ሚጥሚጣ ልኩ አይታወቅም፣ ዓይን ይገባል፣ ቆዳውን ያቆስላል። ጎንዮሹን ካነሣን፦ አፍ ሲቃጠል ውሃ የማይረዳው ካፕሳይሲን በውሃ ስለማይሟሟ ነው፤ የወተት ፕሮቲን ግን ይዞት ይሄዳል። አይብ ከክትፎ ጎን የሚቀርበው ያለ ነገር አይደለም።

ፊዚዮ_ሜክሲኮ፦

የቴንስ ማሽን (በቆዳ ላይ ቀላል ኤሌክትሪክ እየላከ ሕመም የሚያስታግስ) ያላችሁ፦ ኤሌክትሮዱን በሚያቃጥለው ቀለበት ላይ አታድርጉት፣ ይብሳል። እዚያው የነርቭ መስመር ላይ፣ ወደ አከርካሪው ተጠግቶ ስሜቱ ደህና የሆነ ቆዳ ላይ ይሁን። ከ50 እስከ 100 ኸርዝ፣ ጠንካራ ግን የማያሳምም፣ 30 ደቂቃ። ፔስሜከር ላለው አይደረግም፣ አንገት ፊት ለፊትም አይለጠፍም።

ዲሲ_ነርስ፦

በአሜሪካ ላላችሁ፦ ሺንግሪክስ የሚባለው የአልማዝ ባለጭራ ክትባት ከ50 ዓመት ጀምሮ ይመከራል፤ ሁለት መርፌ ነው፣ ከ2 እስከ 6 ወር ልዩነት። ወላጅ ለጉብኝት ሲመጣ የሁለተኛውን ቀን ቀድማችሁ አስሉ፣ ብዙ ጊዜ አንዱን ተወግተው ነው የሚመለሱት። 5 በመቶ ሊዶካይን (ማደንዘዣ) ያለው ልጥፍም አለ፤ ባልቆሰለ ቆዳ ላይ 12 ሰዓት ተለጥፎ 12 ሰዓት ይነሣል፣ በአንዴ ከ3 አይበልጥም። በጥር 2025 (እ.ኤ.አ.) የጸደቀው ሱዜትሪጂን ደግሞ የሕመም ክሮችን የሶዲየም በር ብቻ ለይቶ ይዘጋል፤ ግን የተፈቀደው ለአጣዳፊ ሕመም ነው፣ ለዚህ አይደለም።

ጤና_መኮንን_ወረዳ፦

የሚቀድመውን አንርሳ። ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ የመጣ ሰው ቫይረሱን የሚያግደውን አሳይክሎቪር ይጀምር፦ 800 ሚሊግራም በቀን 5 ጊዜ ለ7 ቀን። በኛ ሰዓት ጠዋት 12፣ ረፋድ 4፣ ከሰዓት 8፣ ምሽት 12፣ ማታ 4 ብላችሁ ጻፉለት፤ "በቀን 5 ጊዜ" ብቻ ከተባለ 3 ጊዜ ነው የሚወስደው። የተለመደው ስሕተት 400 ሦስት ጊዜ መስጠት ነው፣ ያ የሌላው ሄርፒስ (የብልቱ) መጠን ነው። ቅባቱም አይተካውም። ቁስሉ ቶሎ ይደርቃል፣ አጣዳፊው ሕመም ያጥራል፤ የሚቀረውን ሕመም በእርግጠኝነት ይከላከላል ብላችሁ ግን ተስፋ አትስጡ። አፍንጫ ጫፍ ላይ ከወጣ ዓይን ሐኪም በዚያው ዕለት ይየው። በወጣት ላይ ከወጣ የኤችአይቪ ምርመራ ይቅረብለት። ቅጠል ጨቅጭቆ መለጠፉ ቁስሉን ያመረቅዘዋል።

የመስኮቱ_ፋርማሲስት፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመጨረሻ፦ የተሻለው ሰው መቼና እንዴት ያቁም? ደግሞ 10ሯ ብዙ ጊዜ ስለማትገኝ 25ቷን ለሁለት መስበር ችግር አለው?

ክሊኒካል_ፋርማሲ፦

ሦስት ወር ያህል ደህና ከቆየ በየ1 ወይም 2 ሳምንቱ 10 ወይም 12.5 ይቀነስ። ሕመሙ ከተመለሰ ወደ መጨረሻው ደህና መጠን ይመለስና ከጥቂት ወራት በኋላ እንደገና ይሞከር።

በክኒን መቁረጫ ወይም በስለታም ቢላ መስበር ይቻላል፤ ግማሿ በደረቅ ዕቃ ትቀመጥና በማግስቱ ትወሰድ። ግን ሽፋኗ ስለተነሣ ትመርራለች፣ ምላስንም ታደነዝዛለች። ይህን አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ካልሆነ "የተበላሸ መድኃኒት ሰጣችሁኝ" ብሎ ይመለሳል። ምላሱን የምታደነዝዘው የሶዲየም በሩን ዘግታ ነው፣ ነርቩ ላይ የምትሠራው ከፊሉ ሥራም ይኸው ነው። ብዙ ውሃ ይዞ በአንዴ ይዋጣት።